ያልተሰረዘው ስም

ኮንስታብል ወልደጻድቅ ሶኬቱን ከመንቀሉ በፊት የኪዳነ ማርያም ሱቅ እንዲህ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ሥዕል ግን የለውም፣ ነጭ ነጥብ እየነሰነሰ «ሽሽሽ» ይላል። ከሥሩ በሽቦ የተያያዘው ግራጫ የጨዋታ ማሽን አልበራም። የብየዳው ብረት ቀዝቅዞ ተንጠልጥሏል። ሬዲዮ ጠጋኙ ኪዳነ ማርያም ማጅራቱን ተመትቶ በጠረጴዛውና በመደርደሪያው መካከል በግንባሩ ተደፍቷል። የተመታበት ከባድ ትራንስፎርመር እግሩ ሥር ወድቋል።

ይህን ሃምሳ አለቃ አሰገደች በዓይኗ አላየችውም። ስትደርስ ሶኬቱ ተነቅሎ ስለነበር ከኮንስታብሉ አፍ አንድ በአንድ አወጣችው።

«ለምን ነቀልከው?»

«ሲጮህ ጊዜ ነዋ፣ ሃምሳ አለቃ! ሬሳ አጠገብ እንደዚያ ሲል አልወደድኩትም።»

«ማሽኑስ በርቶ ነበር?»

«ኧረ ጠፍቶ ነበር። ትንሿ መብራቱ አልበራችም። በእናቴ!»

«እናትህን ተዋት። አይተሃል ወይስ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

ጻፈችው። አሰገደች ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ከደብረ ብርሃን ዳር ባለው የአየር ጠባይ ጣቢያ ስምንት ዓመት ሙቀትና ዝናብ ስትለካ ኖራለች። የመለኪያው መርፌ ያላለውን መጻፍ እዚያ ነው የተወችው።

ጥር 16 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት። ተጠርጣሪው ገና በማለዳ ታስሯል። ረሺድ ይባላል፤ የአልዩ አምባ ሰው ነው፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ማሽኑን ለጥገና ያመጣው እሱ ነው። ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዚሁ በር ቆሞ «ስሙን ካጠፋህብኝ አልለቅህም!» ብሎ ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ሰምቶታል። ማሽኑ ደግሞ በጂቡቲ በኩል የገባ የጃፓን ዕቃ ነው። ሻምበል ኃይለ ገብርኤል «ስም» የሚለውን ቃልና የውጭ ዕቃውን አጋጥመው ሰላይ ያዝን ብለው ለአዲስ አበባ በሬዲዮ አስተላለፉ።

«መኪናቸው ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል» አሏት። «እስከዚያ ጉዳዩ ያንቺ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውዬውም ዕቃውም የነሱ ነው።»

እዚያ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ማንም አይጠይቅም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

አሰገደች ሰዓቷን አይታ ወደ ማሽኑ ጎነበሰች። ማብሪያው በስንጥቅ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ነው። አንዲት የደም ጠብታ ላዩ ላይ ደርቃለች፤ ግን ግማሽ ናት። ሌላዋ ግማሽ የተገኘችው ከማሽኑ ገላ ላይ፣ አራት ሚሊሜትር ርቃ ነው። ጠርዟም በስሱ ተጎትቷል። ስስ ወረቀት አስተኝታ ሁለቱን በእርሳስ ገለበጠች፤ ወረቀቱን ቆርጣ አንሸራተተችው። ግማሾቹ የገጠሙት ማብሪያው ለማብራት በሚገፋበት ቦታ ነው፤ ለማጥፋት በሚመለስበት ቦታ አልገጠሙም።

«ወልደጻድቅ፣ ይህን ነገር ማንም እንዳይነካው። አንተም ጭምር።»

«እኔማ ምን ቆርጦኝ!»

ሬሳውን ያገኘው የጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ የሺጥላ ነው። ሽማግሌው ጋቢውን እስከ ጆሮው ጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሽ የሺጥላ፣ ከኪዳነ ማርያም ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም።»

«ለምን?»

«እሱ ብየዳውን ሲሰካ የእኔ አምፖል ይደበዝዛል። የሰዓት ጥርስ በደብዛዛ አምፖል ይታያል? ሰው ላኩበት። ‹መነጽር ይግዛ› ብሎ ላከብኝ!» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ዛሬ በሩን ገርበብ ብሎ ሳየው ነው የገባሁት። ትናንት ረሺድ ጮኾ ሲሄድ እኔም ዘግቼ ሄጃለሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም።»

«ዕቃዎቹ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል። እሱ ነው የሚጽፈው?»

«ውጪ ያለችው ለደንበኛ ናት፤ ስምና ብልሽት ብቻ። የደረሰበትን ግን ጽፎ ከዕቃው ሆድ ውስጥ ነው የሚለጥፈው። ሙያውን ለማንም አያሳይም፤ ስስታም ነበር! እኔም ያወቅሁት ከመኳረፋችን በፊት የግድግዳ ሰዓቱን ስከፍትለት ነው።» ከዚያ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

አሰገደች ወደ ሱቁ ተመልሳ መደርደሪያውን ቆጠረች። አሥራ አራት ዕቃ አለ። አሥራ ሦስቱ ወረቀት አላቸው። የቀበሌው ስም የተጻፈበት የጽሕፈት መኪና ብቻ የተበጠሰ ክር አንጠልጥሏል።

ረሺድ በጣቢያው እስር ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስትገባ ቀና አላለም።

«የማንን ስም ነው እንዳያጠፋብህ የጮህከው?»

«የእህቴን ልጅ። ዘይኑልአቢዲን፤ ዘይኑ ነው የምንለው። እዚህ እየተማረ እኔ ዘንድ ነበር። በቀበሌው ዝርዝር ብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ይኸው አሥራ አራት ወር፣ ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም።»

«ማሽኑስ?»

«አባቱ ከጂቡቲ የላከለት ነው። ሲጫወት ስሙን ይጽፍበታል። ማሽኑ ስሙን ይይዛል፤ ዛሬ ዘግተሽው ነገ ስትከፍቺው አለ። ሦስት ስም ነበረበት። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእናቱ የመሊካ። ሦስተኛውን አላውቀውም፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አላነብም። የእሱን መልኩን ነው የማውቀው።»

«ከማን ጋር ነበር የሚጫወተው?»

«እኔ ለዕቃ አልዩ አምባ ስወርድ የሚመጣ ጓደኛ ነበረው። አላየሁትም።» ረሺድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሲናፍቀኝ ሦስት ቀን አበራሁት፤ ስሙን ለማየት ብቻ። አብርቼ አጠፋሁ። ወላሂ ሌላ አልነካሁም! ሁለቱ ስሞች ጠፉ። ቀሪው የእሱ ነው። እናቱ ልታየው ከነገ ወዲያ ትመጣለች። ምን ልበላት፣ እህቴ?»

«እንዴት ነው ያጠፋኸው?»

«እንዴት ይጠፋል? ማብሪያውን መለስኩት።»

ይህን ሁለት ጊዜ አስደግማ ጻፈችው።

አራት ሰዓት ላይ፣ ወደ ሱቁ እንደተመለሰች፣ ካኪ የለበሰ ረጅም ወጣት በሩን አንኳኳ። የቀበሌው ጸሐፊ ገብረአብ ነው።

«እንደምን አደርሽ፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። የቀበሌውን ታይፕራይተር ልወስድ ነበር።»

«ምን ሆኖ ነው እዚህ የመጣው?»

«ጥቅልሉ አልዞር ብሎ። ባለፈው ሳምንት ነው የሰጠሁት።»

«ትናንት መጥተህ ነበር?»

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ቤቴ ገባሁ።»

«ይህን ማሽንስ ታውቀዋለህ?»

«ከየት አውቄው? የጨዋታ ነው ሲሉ ሰማሁ እንጂ።» ዓይኑ ማሽኑ ላይ ትንሽ ቆየ። «አዲስ አበባ ይሄዳል አሉ። ጂፕ ላይ ብዙ ይናወጣል… ማስረጃ ነውና በጥንቃቄ ቢያዝ።»

«ይያዛል። ታይፑን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥተህ ውሰድ።»

እሺ ብሎ ወጣ። ደጃፉ ላይ ግን አንድ ጊዜ ዞሮ አየ።

አሰገደች ካቻቢቴ አንስታ የጽሕፈት መኪናውን ሽፋን ፈታች። ወረቀቷ ሆዱ ውስጥ ተለጥፋለች። «ጥቅልሉን ያነቀው የተጣጠፈ የካርቦን ወረቀት ነው። አውጥቼዋለሁ። በረሺድ ዕቃ ውስጥ አለ።»

የጨዋታ ማሽኑን ሁለት ብሎኖች ስትፈታ ጣቷ ቀዝቅዞ ነበር። አንድ ካርቦን በአራት ታጥፎ ከጎን ተሰክቷል፤ የተመቱት ፊደሎች ዱካ ቀርቶበታል። ወደ መስኮቱ አስጠግታ መስመር በመስመር አነበበችውና ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው። የኪዳነ ማርያም ማስታወሻ ክዳኑ ላይ ነበር፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻው መስመር «ስም የያዘው ይህች ድንጋይ ናት። ከሁለት ቮልት በታች ከወረደች ስሙ ይሄዳል» ይላል።

የባትሪ ድንጋይዋ ሳንቲም ታክላለች። የጠጋኙን ቮልት መለኪያ፣ ቴስተሩን፣ አስነካቻት። ሁለት ነጥብ አንድ።

«ወልደጻድቅ! ባትሪህን አምጣ።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«ድንጋዮቹን ነው የምፈልገው።»

ሁለቱን ድንጋዮች በተርታ አስራ፣ ሽቦ ቀጥላ፣ አሮጌዋን ሳትነቅል አዲሶቹን አገናኘች። ከዚያ አሮጌዋን ቆረጠቻት። ትንፋሿን የሳበችው ሶኬቱን መልሳ ሰክታ፣ ማሽኑን አብርታ በቴሌቪዥኑ ጥቁር መስኮት ላይ አንድ ስም ብቻ ሲወጣ ነው። ማስታወሻው እንዳዘዘው አጥፍታ ክዳኑን ገጠመች፤ ድንጋዮቹን ከውጪ በጨርቅ ጠቀለለቻቸው። ከዚያ በጣቢያው ፋይል ውስጥ የምትፈልገው ወረቀት እንዳለ ልታይ ሮጠች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጠባቧ ሱቅ ሞላች። ሻምበሉ በሩ ላይ ቆመው በየደቂቃው መንገዱን ያያሉ። ረሺድ እጁ በሰንሰለት ታስሯል። የሺጥላ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ገብረአብ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ ቆሟል። ቴሌቪዥኑ በርቷል። በመስኮቱ ላይ የዘይኑ ስም ብቻውን ያበራል።

«ያ ነው!» አለ ረሺድ። «አልሐምዱሊላህ፣ አለ!»

«ሰላዩ ይሄ ነው እንዴ?» አሉ ሻምበሉ።

«የልጅ ስም ነው፣ ሻምበል። እንግዲህ ኪዳነ ማርያም ሲመታ ማሽኑ በርቶ ነበር። ማብሪያው ላይ የወደቀችው ጠብታ የምትገጥመው ሲበራ ብቻ ነው። ጠርዟ ተጎትቷል፤ ስለዚህ ደሙ ሳይደርቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ አንድ ሰው አጥፍቶታል። የሞተው ሰው አላጠፋውም። ጧት የመጣውም አላጠፋውም።» ሰዓቷን አየች። «የቀረውን አዲስ አበባዎች ይጨርሱት። መኪናው እየደረሰ ነው። ወልደጻድቅ፣ ሶኬቱን ንቀልና ዕቃውን ጠቅልል።»

ኮንስታብሉ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ያዘ።

«ቆይ!»

ገብረአብ ነበር። በአንድ እርምጃ ጠረጴዛው ጋ ደርሷል። አውራ ጣቱ ከማብሪያው ጎን ያለችውን ቀይ ቁልፍ ጫን አድርጎ ይዟል፤ ሌላው እጁ ማብሪያው ላይ ነው።

ወልደጻድቅ አሰገደች አስቀድማ እንዳዘዘችው የነቀለውን ሶኬት ከፍ አድርጎ አሳየ። የብየዳው ብረት ሶኬት ነበር። ስሙ እንዳለ ያበራል።

«ከየት አውቄው ብለኸኝ ነበር» አለች አሰገደች በዝግታ። «ቁልፏን ልቀቃት፤ አትጠፋም። ሻምበል፣ የኪዳነ ማርያም ማስታወሻ ይኸው። ‹ቀይዋ ቁልፍ ተይዛ ካልጠፋ ስም ይሰርዛል።› ማሽኑ ላይ አልተጻፈም፤ መመሪያው ጃፓንኛ ነው። ረሺድ አያውቅም፤ ሦስት ጊዜ ማብሪያውን ብቻ መልሶ ሁለት ስም አጥፍቷል። ጋሽ የሺጥላ እስከ ዛሬ ጧት ሁለት ዓመት እዚህ አልገባም። ትናንት ያጠፋው ሰው ግን ስሙን አትርፎታል። በዕድል ሊሆን ይችላል፤ ከሦስት አንዴ በዕድል ተርፏልና። ስለዚህ ይህ ብቻ ሰው አያሳስርም። ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ ግን ነገረኝ። ዘይኑ አብሮት የሚጫወት ጓደኛ ነበረው።»

«ጓደኛው ለምን ብሎ ጠጋኙን ይገድላል?» አሉ ሻምበሉ።

ካርቦኑን ከደረት ኪሷ አወጣች። «በጽሕፈት መኪናው ጥቅልል ውስጥ ተሰንቅሮ የቆየ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ የወሰነው የዘማቾች ዝርዝር ነው፤ ሃያ ሦስት ሰው። ይኸኛው ደግሞ በጣቢያችን ፋይል ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት። ሃያ ሁለቱ ስም አንድ ነው። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ግን ካርቦኑ ወልደተንሣኤ ጥላሁን ይላል፤ ማኅተም ያለበት ዘይኑልአቢዲን። የጻፍከው አንተ ነህ፣ ገብረአብ ጥላሁን። ወልደተንሣኤ ምንህ ነው?»

«ወንድሜ» አለ ገብረአብ። «አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ዘይኑ ሃያ ሞልቶታል። እንግዳ ነው፣ የሚጮህለት የለም ብዬ…»

ረሺድ ሰንሰለቱን እየጎተተ ተነሣ። የሺጥላ ትከሻውን ያዘው።

«ትናንት ኪዳነ ማርያም አስጠራኝ። ዝርዝሩ ላይ የወንድምህ ስም እንጂ የዘይኑ የለም፣ ካርቦኑን ለረሺድ እሰጣለሁ አለኝ። ይህን አብርቶ ‹እየው፣ ስሙ ይኸው› አለኝ። እኔ እኮ ነኝ አብሬው የጻፍኩት! ዞር ሲል… ከዚያ ታይፑ ላይ የተንጠለጠለችውን ስሜ ያለባትን ወረቀት በጠስኩ፤ ካርቦኑን ፈለግሁ፣ አጣሁት። ልሮጥ ስል ይህ በርቷል። እንዲሁ ትቼው ብሄድ የሚመጣው ሰው ሶኬቱን ይነቅለዋል።» እጁን ከቁልፏ ላይ አነሣ። «እሱን ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ መሰረዝ አልቻልኩም።»

ሻምበሉ ከረሺድ እጅ ሰንሰለቱን ፈትተው ገብረአብ እጅ ላይ አሠሩት። ከአዲስ አበባ የመጣው መኪና ስድስት ሰዓት ከአሥር ሲደርስ የሚጭነው ሰላይ አላገኘም።

ከሁለት ቀን በኋላ መሊካ ከአልዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች። የእንግሊዝኛ ፊደል አታውቅም፤ ወንድሟ ጣቱን ቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ አድርጎ አሳያት። እሷም በጣቷ ተከትላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካች። አሰገደች የማሽኑን ድንጋዮች ልትለካ መጥታ ነበር። ቴስተሩ ስሙ ከመታየቱ በፊት ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ቮልት አሳየ። ረሺድ ቀይዋን ቁልፍ ይዞ ካጠፋው በኋላም ለካች፤ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ነበር።