የደጋጋ ስንቅ

«ደጋጋን በገመድ አያስሩትም አይደል፣ ጋሼ?» አለች ለምለም በሶውን ከማሰሮው ወደ አቁማዳው እየጨመረች።

«ካልሮጠ ምን ያሳስረኛል?» አሉ አጎቷ ጋሽ ዘርአይ፤ ዓይናቸውን ግን አሸሹ። «ነገ ማልደን ወደ ጠበል እንወጣለን። ጠበሉ ካላዳነው እዚያው ገዳሙ ይኑር። እጁ ሥራ ቢለምድ ኖሮ እኔስ መች ጨክኜ አወጣው ነበር?»

ይህን ብለው በቅሎ ሊዋሱ ወጡ።

የለምለም ወንድም ደጋጋ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። የማሰሮ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። የጣሊያን ካሚዮን ጭነቱን ይዞ እያጓራ ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ካዛንቺስ ላይ የሹማምንቱ ቤት መሠራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ካሚዮን የማያልፍበት ሰዓት የለም። ጩኸቱ ወታደር እንዳይጠራባቸው የፈሩት ጎረቤቶች እግራቸውን ሰበሰቡ። ጓደኛዋ ነፊሳ እንኳ ከአጥር ውጭ ሆና ነው የምትጠራት። አባታቸው ጫካ ገብቷል፤ እናታቸው ልብስ አጠባ ትውላለች። ለምለም ሰው ይናፍቃታል። ነገ እሱ ሲሄድ ከነፊሳ ጋር ቂርቆስ ድረስ እንደ ልቧ ልትሄድ ነው። ይህን ስታስብ ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አፈረች።

በክፍያ የምታጠነጥነውን የሸማኔ ክር ልትጨርስ ማጠንጠኛው አጠገብ ተቀመጠች። ደጋጋም እንደ ወትሮው መጥቶ የሚዞረውን መዘውር ማየት ጀመረ። ስንት ጊዜ እጁን ይዛ ልታስተምረው ሞክራ ነክሷታል። ዛሬ ግን ደከማት። እጇን ከመያዣው አነሳችና ፈቀቅ አለች።

ደጋጋ መያዣውን ያዘ። ሲያፈጥነው ክሩ ተበጠሰ። ለምለም እጁን አልነካችም፤ ክሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ቋጠረችው። ዓይኑ ከጣቶቿ አልተነቀለም። እንደገና አዞረው፣ አሁን በዝግታ፤ ክሩም በቀሰሙ፣ በመጠቅለያው ሸምበቆ ላይ፣ እኩል እኩል ይጠመጠም ጀመር።

ካሚዮን አለፈ። ደጋጋ ክሩን በጥሶ ተነሣ፤ ጮኸ፣ ጥግ ሄዶ ተኮራመተ። በቃ፣ አለቀ ብላ አቀረቀረች። ቀና ስትል ግን ማንም ሳይጠራው ተመልሶ የተበጠሰውን ክር ጫፍ ይፈልግ ነበር። አግኝቶም ራሱ ቋጠረው።

ለምለም ብቻዋን ሳቀች። ሮጣ የምትነግረው ሰው ግን አልነበረም።

«ለምለምዬ! ነገ ትመጫለሽ አይደል?» አለች ነፊሳ ከአጥሩ ውጭ።

«አልችልም። አንቺ ግቢ፣ የሚገርም ነገር ላሳይሽ።»

ነፊሳ ከአጥሩ ፈቀቅ አለች። ከዚያ የእግሯ ኮቴ ራቀ።

ጋሽ ዘርአይ በቅሎዋን እየጎተቱ ሲመለሱ መዘውሩ አሁንም ይዞራል።

«ስንቁ ደረሰ?»

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ፤ መጀመሪያ ይዩት» አለች ለምለም። አቁማዳውን ፈትታም በሶውን ወደ ማሰሮው መልሳ ገለበጠችው።