ዘይት አጠጧት

የጎረቤት ድመት የሳይክሏን ካቴና እየላሰች ነበር።

ፌንጣ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን አሸች። ሕልም አይደለም። ድመቷ ግድግዳው ላይ የተደገፈችው ሳይክል ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወተት እንዳገኘ ሰው ተመስጣ ትልሳለች።

«ሂጂ ከዚህ! ቁርስ ቤት መሰለሽ እንዴ?»

ድመቷ ቀና ብላ አየቻት። አፏን በምላሷ ጠረገችና እንደ ክብር እንግዳ ረጋ ብላ ወጣች። ፌንጣ ጎንበስ ብላ ካቴናዋን በጣቷ ነካች። ጣቷ ተጣበቀ። አቧራው፣ ክሩ፣ የድመቷ ፀጉር ሳይቀር ተለጥፎበታል። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

ሽንኩርት።

ደግማ አሸተተች። ሽንኩርት፣ ከዚያ ደግሞ የተጠበሰ ድንች።

«ጉዴ ፈላ» አለች።

ፌንጣ ስሟ አይደለም። እግሯ ረጅም ስለሆነና አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ሰፈሩ ያወጣላት ነው። ምላሷም ከእግሯ አያንስም፤ ዝላይ ላይ እንዲያውም ይበልጣል። አሁን ግን ምላሷም እግሯም ደርቀው ቀሩ፤ ምክንያቱም ሳይክሏ የእሷ አይደለችም። የታላቅ ወንድሟ ናት። ወንድሟ በያጅ ነው። ለሥራ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄድ ሳይክሏን ለፌንጣ ሲተውላት ያስቀመጠው ግዴታ አንድ ብቻ ነበር።

«ስመለስ የማየው ካቴናዋን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርጋችሁ ዘይት አጠጧት። ቆሽሻ ካገኘኋት ለሥራ ባልደረባዬ እሰጣታለሁ። ሲለምነኝ ነው የከረመው።»

«ጠርጋችሁ» ያለው ጓደኛዋ ጭምቷም አጠገቧ ቆማ ስለነበር ነው። ወንድሟ ደግሞ ለምሳ ይደርሳል። ዛሬ።

ፌንጣ ባለፈው ቅዳሜ ካቴናዋን ጠርጋ መስታወት አስመስላት ነበር። ታዲያ ይህን ጉድ የሠራው ማነው? ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። በሰፈሩ ውስጥ ከንጋት ጀምሮ ሽንኩርትና ድንች የሚሸት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጭምቷ ቤት።

የጭምቷ እናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ድንች ጠብሰው ይሸጣሉ። ጭምቷ ጠዋት ጠዋት ድንቹን ልጣና ከትፋ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። በእግሯ ከሄደች የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። የሒሳብ አስተማሪው ደግሞ ከገባ በኋላ በር ይዘጋል፤ ቢያንኳኩ አይሰማም፣ ቢያለቅሱ አያይም። ሳይክሏ ከመጣች ወዲህ ግን ፌንጣ በየቀኑ ከኋላ ጭና ታደርሳታለች። ሳይክሏ ከሄደች በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

«ቤቶች!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

ራሷ ናት። ጭምቷ ገባችና ከፌንጣ በፊት ሳይክሏን አየች። ከንፈሯ ላይ ልትይዘው የምትታገለው ፈገግታ አለ።

«ዛሬ ገበያ አልወረድሽም?» አለች ፌንጣ፣ ድምፅዋን አኮሳትራ።

«እናቴን አስፈቅጄ ነው። ስታዪያት... ማለቴ... ሳይክሏ እንዴት ናት?»

«ሳይክሏማ ደህና ናት። የጎደላት ጨው ብቻ ነው!»

«ምን?»

ፌንጣ ከዚህ የባሰ አዘጋጅታ ነበር። ልትለቀው ስትል ግን የጭምቷን እጅ አየች። ጥፍሮቿ ሥር ሁሉ ጥቁር ነው። በሳሙና ታሽቶ ታሽቶ እምቢ ያለ ጥቁር። ያ የካቴና ቆሻሻ ነው፤ ፌንጣ አሳምራ ታውቀዋለች።

«ትናንት ማታ አንቺ ሱቅ ተልከሽ ሳለ ነው የመጣሁት» አለች ጭምቷ። «እናትሽ ግቢ ብለውኝ። ወንድምሽ ‹ዘይት አጠጧት› ብሎ የለ? ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስለምወርድ ሁሌ ብቻሽን ነው የምትሠሪው። ዘይት ደግሞ እኛ ቤት ሞልቷል። ይኼን ሁሉ ጊዜ ጭነሽኝ ስትሄጂ፣ ዳገቱ ላይ እንኳ ከበድሽኝ ብለሽ አታውቂም። እኔ ምን አደረግኩልሽ? እና... አሰብኩ።»

ጭምቷ ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ፌንጣ ሰምታ አታውቅም። አስተማሪዎቹም አልሰሙም። ልትለቀው የነበረው ስድብ ጉሮሮዋ ላይ ቆመና ተመልሶ ወረደ።

«እኔ ምልሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዘይቱን ድመቷ ወዳዋለች።»

ጣቷን ካቴናዋ ላይ አሳልፋ አሳየቻት። «የምግብ ዘይት እኮ አቧራ ይሰበስባል። ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። እሱ ማለቱ የማሽን ዘይት ነው። እኔ የእማዬን የስፌት መኪና ዘይት ነው የማደርገው።»

የጭምቷ ፊት ተለዋወጠ። ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«አበላሸሁብሽ። ዛሬ አይደል የሚመጣው? እኔ ነኝ ብዬ ልንገረው።»

«ማንም ያበላሻት ማንም፣ እሱ የሚያየው ካቴናዋን ነው። አቦ አታልቅሺ፣ እንባሽ ያዝጋታል። ነይ፣ ምሳ ሳይደርስ እናጥባታለን።»

ሳይክሏን ገልብጠው በመሪዋና በመቀመጫዋ አቆሟት። ፌንጣ የሞቀ ውሃና የዱቄት ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቆችና ሳፋ ይዛ መጣች።

ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። «ያ የእኔ የልብስ ሳፋ እንዳይሆን!» አሉ እናቷ።

«ኧረ አይደለም እማዬ!»

ነበር።

መጀመሪያ ሙጫውን በጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ ጭምቷ ፔዳሉን ወደ ኋላ ታዞራለች፤ ፌንጣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ትፈገፍጋለች። የሳፋው ውሃ ጥላሸት መሰለ። በንጹሕ ውሃ አለቀለቁና በሌላ ጨርቅ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አደረቋት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አቆዩዋት።

«እማዬ፣ ዘይት ስጪን!»

«የምን ዘይት?»

ሁለቱ ተያዩ። ሳቃቸው ፈነዳ። ጭምቷ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ምን ያስቃችኋል? የምን ዘይት ነው ያልኩት!»

«የስፌት መኪናሽን፣ እማዬ!»

«ጠብታ ጠብታ ነው እንግዲህ! ሻሞ አይደለም!»

በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ እያሳረፉ ፔዳሉን ቀስ አድርገው አዞሩ። ፌንጣ በጨርቅ ከኋላ እየተከተለች ስትጠርግ ጭምቷ ግራ ገባት።

«ያጠጣነውን መልሰን እንጠርገዋለን?»

«የሚሠራው ውስጥ የገባው ነው። ውጭ የቀረው ሥራው አቧራ መጋበዝ ብቻ ነው።»

ግማሽ ላይ ሲደርሱ በሩ ተከፈተ። ወንድሟ ነው። ቦርሳው ትከሻው ላይ፣ የመንገድ አቧራ ቅንድቡ ላይ። የተገለበጠችውን ሳይክል፣ የጠቆረውን ሳፋ፣ እስከ ክርናቸው የተለቀለቁትን ሁለት ልጆች አየ። ሰላም እንኳ ሳይል ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ የጠረጉበትን ጨርቅ አንሥቶ አሸተተ።

«ሽንኩርት?»

ወደ ሁለቱ ዞረ።

«ካቴናዋን ምን አድርጋችኋት ነው? ማን ነው ይህን ያደረገው?»

በፌንጣ ምላስ ላይ ሦስት ውሸት ተሰልፈው ነበር፤ ሳይክል ሠሪው፣ የጎረቤት ልጅ፣ ድመቷ። ድመቷ ቀሽም ናት፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ይሠሩ ነበር። ጭምቷ ከጎኗ ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማች።

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ስጦታ ነው» አለች ፌንጣ ቀድማት።

«ምን?»

«የምትሸተው ስጦታ ነው። እሷ ናት የሰጠችኝ። በጥፍሯ ፍቃ አጽድታ፣ ከቤቷ ዘይት አምጥታ ያጠጣችልኝ። አንተ ዘይት አጠጧት አልክ፤ የምን ዘይት እንደሆነ ግን አላልክም። ሳይክሏን ከወሰድክም ውሰዳት። ግን ቆይ፤ እኔ እስካሁን አላመሰገንኳትም።»

ወደ ጭምቷ ዞረች። «ይመችሽ» አለቻት። ቀልድ እንዳይመስላት ደገመችው። «እግዜር ይስጥልኝ። የምሬን ነው።»

ጭምቷ መሬት መሬት አየች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

ወንድሟ ፔዳሉን ይዞ ወደ ኋላ አዞረና ጆሮውን አስጠጋ። ግማሹ ካቴና ዝም፣ ግማሹ ሲጥ ሲጥ። ከዚያ ካቴናዋ የምትዞርበትን የፔዳሉን ጥርስ ከሥር ማየት ጀመረ። ረጅም ጊዜ አየ።

«እዚህ ሥር የድሮ ዝገት ነበር። እኔ ራሴ እምቢ ብሎኝ የተውኩት። የት ሄደ?»

«በሹካ...» አለች ጭምቷ በማይሰማ ድምፅ፣ «በሹካ አወጣሁት።»

ወንድሟ መሳቅ አልፈለገም ነበር፤ ግን ትከሻው ከዳው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። ይቺ ዶሮ ግን ከእኔ የተሻለ ትጠርጋለች።» ተነሥቶ ቦርሳውን አነሣ። «ባልደረባዬ ሌላ ይፈልግ። ግማሹ ይቀራችኋል፣ ጨርሱ። እኔ ርቦኛል።»

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «የስፌት መኪና ዘይት! ሰምታችኋል? የስፌት መኪና!»

«ሰምተናል፣ ጋሼ!» አለች ፌንጣ። «ጋሼ» የምትለው ስትለምነው ብቻ ነበር፤ ዛሬ የምትለምነው ነገር አልነበራትም።

ጨርሰው ሳይክሏን ቀጥ አድርገው ወደ ውጭ አወጧት። ጭምቷ እንደልማዷ ወደ ኋላው መጫኛ ሄደች።

«ወደ ፊት» አለቻት ፌንጣ።

«ምን ወደ ፊት?»

«መሪውን ያዢ። ካቴናዋ መሞከር አለባት።»

«እኔ መንዳት አልችልም እኮ!»

«እኔስ ሳይክል ላይ ነው እንዴ የተወለድኩት? ውጪ። እግርሽን አትዪ፣ መንገዱን እዪ።»

ጭምቷ ወጣች። ፔዳሉን ረገጠች፤ ካቴናዋ ድምፅ ሳታሰማ ያዘች፤ ጎማው ዞረ። ሳይክሏ ወደ ግራ ተንጋደደች፣ ወደ ቀኝ ተመለሰች።

«እንዳትለቂኝ!»

«አልለቅሽም።»

ፌንጣ የኋላውን መጫኛ በሁለት እጇ ይዛ እየሮጠች ነበር። መንገዱ ቁልቁል ሆነ፤ ሳይክሏ ፈጠነች። ጭምቷ መጮኋን ትታ መሳቅ ጀመረች። ፌንጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ድረስ እጇን አላነሣችም።