ማሽኑ የማን ሆነ?

ባንቺዓለም ፊልሙ ከሚታይበት ነጭ አንሶላ አጠገብ ቆማ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነባለች። ከጎንደር በላንድሮቨር የመጣው ሲኒማ ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ የክፍሉ መስኮቶች በገበሬዎቹ ጋቢ ተጋርደዋል። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሱና ጽሑፍ ይመጣል። ከስምንተኛ ክፍል ጎበዟ እሷ ስለሆነች ነው አንባቢ የሆነችው። ነገ ደግሞ ከሸምበቆና ከጣሳ የተሠራ ውሃ መሳቢያ ይዛ ለተማሪዎች የእጅ ሥራ ትርኢት ደብረ ታቦር ትሄዳለች።

መሳቢያውን የሠራው ግን የክፍሏ ልጅ አለበል ነው። መምህር ሥዩም «ማነው የሠራው?» ብለው ሲጠይቁ አለበል ታሞ ቀርቶ ነበር፤ እሷም «እኔ» አለች። አፏ ቀደማት። አለበል ሲመለስ ወሬውን ሰማ፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አሁን ይኸው ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያያታል።

ፊልሙ ላይ አንድ ምስኪን ሰውዬ ልብስ የሚያለብስ ማሽን ፈለሰፈ። ከንቲባውን ቢያስገባቸው፣ ማሽኑ እግራቸውን የኮት እጅጌ አልብሶ አወጣቸው። ሰዉ በሳቅ አውካካ። አንድ ባለ ረጅም ባርኔጣ ሀብታም ማሽኑን ሰርቆ በመኪና ሲያመልጥ ግን የሳቀ የለም። ዕድሜያቸውን በሙግት የጨረሱት አቶ ጓዴ ዘንጋቸውን ወደ አንሶላው ቀስረው፣ «በሕግ አምላክ ቁም» አሉት። አልቆመም።

በመጨረሻ ፈልሳፊው የሚወዳትን ልጅ ሳማት። ሴቶቹ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የመጨረሻው ጽሑፍ ሲመጣ ባንቺዓለም «ተፈጸመ» ብላ አነበበች።

ከመቀመጫው የተነሣ ሰው የለም።

«ፍርዱስ?» አሉ አቶ ጓዴ።

«አለቀ እኮ አባቴ። ሊጋቡ ነው።»

«ጋብቻው ይቅናቸው። ማሽኑ የማን ሆነ?»

ሰዉ ሁሉ እሷን ያያል። አንሶላው ባዶ ነው። አልተጻፈም ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ለሠራው ሰው ተመለሰለት» አለች።

«ሌባውስ?»

«ሌባው...» ዓይኗ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ዐረፈ። «ሰው ፊት ቆሞ አመነ።»

«ይኼ ነው ፍርድ» አሉ አቶ ጓዴ ደስ ብሏቸው። ሰዉም እየተነሣ ጋቢውን ከመስኮት ያወርድ ጀመር፤ ክፍሉ ቀስ በቀስ ብርሃን ሆነ።

አለበል አንሶላውን ሊያጥፍ መጣ። «እንግሊዝኛ እኮ እኔም አነባለሁ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንደሱ የሚል የለም።»

«የለም።» እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት።

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

የያዘችውን የአንሶላ ጫፍ እጁ ላይ አኖረችለት። መምህር ሥዩም በሩ ላይ ቆመው አቶ ጓዴን ይሰናበታሉ።

«መምህር» ብላ ተጣራች። «አንድ ጊዜ ላናግርዎት። አቶ ጓዴም ይቆዩልኝ።»