አስቀምጠውና ሂድ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ፍርድ ቤት ቀርቤ እጄን አንሥቼ እንደማልኩት፣ ዛሬም ለእናንተ እምላለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ደርሶብኛል።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ገና አልጨለመም። ቦታው ሰሜን ሚኒሶታ፣ የገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ ነው።

ግን ከመጀመሪያው ልነሣ...

ስሜ ኦሪን ሊንድ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ነው። ሚስቴ ማሪት ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል፤ ልጅ አልወለድንም። ከእሷ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ሻጮች ሲደውሉ ብቻ ነው። እነሱንም አንዳንዴ ቶሎ አልዘጋባቸውም።

ስለዚህ ለጁሪ፣ ማለትም ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ከሚወስኑት ተራ ዜጎች አንዱ እንድሆን ስጠራ ደስ አለኝ። መቼም ይህን የሚል ሰው በአገሩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሌላው ሰው ጥሪው ሲደርሰው ፊቱ ይጠቁራል። ሥራ ያስፈታል፤ የሚከፈለውም ለነዳጅ አይበቃ። ሰው ማምለጫ ሰበብ ሲፈልግ ያድራል። እኔ ግን ሸሚዜን ተኩሼ ጠበቅሁ። ሰው ስሜን ጠርቶ "ትፈለጋለህ" ካለኝ ስንት ጊዜዬ...

የመጀመሪያው ቀን ደስታዬን አበረደው።

ከጠዋት እስከ ማታ ጠንካራ አግዳሚ ላይ መቀመጥ፣ መጠየቅ፣ ደግሞ መጠበቅ። ቡናቸው እጣቢ ነው። ጋርት የሚባል የከብት መኖ ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጦ የተከሰስነው እኛ ነን እንዴ እያለ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ዋለ።

አመሻሹ ላይ አሥራ ሁለታችንን መረጡን። ከዚያ አንድ ተጠባባቂ ጨመሩ። ተጠባባቂው እንደ እኛው ክሱን ሁሉ ይሰማል፤ ከእኛ አንዱ ከታመመ ይተካል፤ ካልታመመ ድምፅ ሳይሰጥ ወደ ቤቱ ይሰናበታል። ማን እንደተመረጠ እንኳ ልብ አላልኩም፤ ሆዴ ይጮህ ነበር።

የእኔ ወንበር አሥራ ሁለተኛዋ፣ ጥግ ላይ ያለችው ነበረች። ከእኔ ቀጥሎ ያለችው የተጠባባቂ ወንበር ናት።

በማግስቱ ስንገባ አንዲት አሮጊት እዚያች ወንበር ላይ ቀድማን ተቀምጣለች።

አረንጓዴ ካፖርቷን አላወለቀችም። ቤቱ በማሞቂያ ይፈላል፤ እኛ እጅጌያችንን ሰብስበናል...

የእሷ ትንፋሽ ግን እንደ ጭስ ይወጣል።

ሰውነቷ ቢቀዘቅዝ ነው፣ እርጅና ነው አልኩ። ዳኛዋ ሲገቡ ሁላችንም ብድግ አልን። አሮጊቷ አልተነሣችም። ማንም ምንም አላላትም።

ተከሳሹ ዴል ማኪ ይባላል። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ምግብ የሚያደርስ፣ ደኅና መሆናቸውንም የሚያይ ወጣት ነው። ከሚጠብቃቸው አንዷ ቨርና ኦልሴት ነበረች። ባለፈው ክረምት የቤቷ ማሞቂያ ተበላሽቶ፣ በብርድ ደርቃ ተገኘች። ዴል ያመጣላት የምግብ ከረጢቶች በረንዳው ላይ በረዶ ለብሰው ተደርድረዋል። ፎቶውን አሳዩን።

ዐቃቤ ሕጉ፣ ይህ ሰው ከረጢት እየወረወረ ከመሄድ በቀር በሩን ለማስከፈት አልሞከረም፣ በቸልተኝነቱ ሰው ገደለ አለ። ጥፋተኛ ካልነው ልጁ ለዓመታት እስር ቤት ይገባል። እናቱ ከኋላው ተቀምጣ ጓንቷን ታፍተለትላለች።

ዴል ራሱ ቀርቦ ተናገረ። በየቀኑ አንኳኩቻለሁ፣ በየቀኑም ከበሩ ኋላ መልሳልኛለች አለ።

"ምን አለችህ?" አለው ዐቃቤ ሕጉ።

"ሁልጊዜ የምትለውን ነው። 'አስቀምጠውና ሂድ። ነገ ና።'"

"ሐኪሙ በእነዚያ ቀናት ሞታ ነበር ብሏል። የሞተ ሰው መለሰልህ?"

ዴል አንገቱን ደፋ።

ያኔ አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች... ቅዝቃዜዋ አንገቴን ነካኝ።

"ልጁ እውነቱን ነው" አለች በሹክሹክታ።

ደነገጥኩ። ዳኛዋ በየዕረፍቱ የሚያስጠነቅቁን አንድ ነገር ነበር። ስለ ክሱ ከማንም ጋር፣ እርስ በርሳችንም ቢሆን እንዳናወራ። እንዲህ ያለውን ሰው ማሳወቅ ነበረብኝ።

አላሳወቅሁም። ባሳውቅ ያሰናብቷታል። ካሰናበቷት ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና ብቻዬን ልሆን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ተያይዘው መንገዱን ተሻግረው ምግብ ቤት ይገባሉ። እኔን የጠራኝ የለም፤ እኔም ጥሩኝ አላልኩም። ኮሪደሩ ላይ፣ ማሞቂያው ሥር፣ ከቤት ያመጣሁትን ሳንድዊች አወጣለሁ። እሷም መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ስትመጣ የእግሯን ኮቴ ሰምቼው አላውቅም።

ግማሹን ሰጠኋት።

"አስቀምጠው" አለች።

በመሃላችን አስቀመጥኩት። አልነካችውም። ስለ ክሱ አላወራንም። ስለ ማሪት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከቀብሯ ቀን ወዲህ ለማንም ያልተናገርኩትን፣ ማታ ማታ የእሷን ሳህን አብሬ አውጥቼ እንደምመልሰው ሁሉ ሳይቀር ነገርኳት።

"ብቻህን ነህ እንግዲህ፣ አንተ ልጅ?"

ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። "አንተ ልጅ" ካሉኝ ዘመን የለውም።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ቤትህ ይሞቃል?"

"ይሞቃል።"

"በርህ... ሰንሰለት አለው?"

ማሪት ናት ያስገባችው፣ ሌባ ትፈራ ነበር አልኳት። አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። እኔም እንደ ወጉ ከዚህ ሲያበቃ አንድ ቀን ብቅ ይበሉ፣ ቡና እንጠጣለን አልኳት። ከልቤ ነበር።

"እመጣለሁ" አለች።

ስንጠራ ሳንድዊቹን ለመጣል አነሣሁት። የሚፈላ ማሞቂያ ሥር ነበር የተቀመጠው...

እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ በላዩ ነጭ ውርጭ ይዟል።

ጣልኩት። ለራሴም ምንም አላልኩም። ሰው የሚፈልገውን ሲያገኝ ብዙ አይመረምርም።

የክርክሩ ማብቂያ ቀን ለውሳኔ ወደ ዝግ ክፍል ገባን፣ አሥራ ሁለታችን ብቻ። አሮጊቷን አላየኋትም። ተጠባባቂ ስለሆነች አሰናብተዋት ነው ብዬ ቅር አለኝ። አልተሰናበትኳትማ።

እጅ አወጣን። አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው አሉ። የቀረው አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁላችንም ካልተስማማን ደግሞ ውሳኔ የለም።

ጋርት እርሳሱን ወረወረ። "እሺ አባቴ፣ የሞተች ሴት አናገረችኝ ያለውን ነው የምታምነው?"

አሮጊቷ ያለችኝን መናገር አልችልም፤ በችሎት የተሰማ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ የተሰማውን ይዤ ተከራከርኩ። ፖሊስ ሲገባ የበሩ ሰንሰለት ከውስጥ ተሸጉሮ ነበር፤ በመቁረጫ ነው የበጠሱት። ቨርና ራሷ ዘግታ ተቀምጣለች። ሐኪሙም ቢሆን የሞተችበትን ቀን ያለው በግምት ነው፤ በበረዶ የደረቀ ሬሳ ቀኑን አይናገርም ብሎ በራሱ አፍ አምኗል።

"ይህን ልጅ በግምት እንሰረው?" አልኳቸው።

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ያህል ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ሰብሳቢያችን ሩታን፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ የሐኪሙ ቃል እንደገና ይነበብልን አለች። ተነበበ። ከዚያ እጆቹ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞሩ። የመጨረሻው ጋርት ነበር፤ ከብቶቼ ስለራባቸው ቶሎ ልሂድ ብዬ ነው ቢልም ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ወደ ችሎት ተመለስን። ዴል በነጻ ተለቀቀ። ዐቃቤ ሕጉ እያንዳንዳችን እንድንጠየቅ ስለፈለገ ጸሐፊው በየወንበራችን ጠየቀን።

"ውሳኔው የእርስዎ ውሳኔ ነው?"

"አዎ" አለች ሩታን። "አዎ" አለ ጋርት። እየተባለ እኔ ጋ ደረሰ።

"አዎ" አልኩ።

ከጎኔ፣ ከባዶው ወንበር...

"አዎ።"

ጸሐፊው ቀና አላለም። ዳኛዋም አልሰሙም። ዴል ግን፣ በነጻ የተለቀቀው ዴል፣ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች፣ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ የእኔን ጎን ያያል።

ዞር አልኩ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ከመቀመጫው በላይ ግን፣ የሰው አፍ በሚሆንበት ቁመት ላይ፣ ትንሽ ጭስ ተንሳፍፎ ጠፋ።

ስንወጣ ዳኛዋ አመሰገኑን። የዴል እናት እጄን በሁለት እጇ ጨበጠች። ሩታን አቀፈችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ያን ሁሉ መንገላታት ረሳሁት። ለአንድ ሰው ጠቅሜያለሁ።

"ተጠባባቂዋ ሴትዮ የት ሄደች? ልሰናበታት ነበር" አልኳት ሩታንን።

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"አጠገቤ የነበረችው። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰችው።"

"ተጠባባቂው ወጣት ልጅ ነበር እኮ። በዚያው በተመረጥንበት ማታ ጉንፋን ጥሎት ተሰናብቷል። ወንበሩ ባዶ ነበር።"

"እኔ ስሾካሾክ አላየሽኝም?"

"አይቻለሁ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ማውራት ክልክል ነው ስላሉን ዝም አልኩ። ደግሞ... የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር።"

ሁሉም አይተውኛል። ሁሉም ሕጉን አክብረው ዝም ብለዋል። እኔም እንደዚያው፣ አንዳቸውን እንኳ ይህች ሴት ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም።

በመንገዴ ከዳቦ ቤት ኬክ ገዛሁ፤ ድሉን ላክብር ብዬ ነው። ሁለት ቁራጭ። ለምን ሁለት እንደገዛሁ አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስኩ። በረንዳው ላይ አዲስ በረዶ እንጂ የሰው ዱካ የለም። ቁልፉን አዞርኩ። በሩ ስንዝር ያህል ተከፍቶ...

ቀጭ አለና ቆመ።

ሰንሰለቱ ከውስጥ ተሸጉሯል።

የምኖረው ብቻዬን ነው። ቤቱ ሌላ መውጫ የለውም፤ የጓሮውን በር ማሪት ከሞተች በኋላ በምስማር መትቼዋለሁ።

በክፍተቱ የወጣው አየር ከደጁ ይብሳል። የማሞቂያው ድምፅ የለም። አሻግሬ አየሁ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል። የማሪት፣ ለበዓል ብቻ የምናወጣቸው።

አንኳኳሁ። የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ...

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። ኦሪን።"

ከዚያ ከበሩ ኋላ፣ በጣም ቅርብ፣ ቅዝቃዜዋ ጣቶቼን ሲነካኝ...

"አስቀምጠውና ሂድ። ነገ ና።"

የኬኩን ከረጢት ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ። ሄድኩ።

ፖሊስ ልጥራ? ምን ብዬ? ዴል ያለውን ነው የምለው። እሱን ለማመን እኛ ስንት ቀን ፈጀብን። ያውም ተማምለን።

መንገድ ዳር ያለ ሆቴል አደርኩ። በማግስቱ ሄድኩ፤ ዳቦና ወተት ይዤ። ያንኑ አለችኝ። በሦስተኛውም ቀን። ከረጢቶቹ በረዶ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ያ ፎቶ ላይ ያየሁትን ይመስላሉ። ትፈራለህ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ እፈራለሁ። ግን ደግሞ ነገ ና የሚለኝ ሰው አግኝቻለሁ።

ዛሬም ሄድኩ።

ዛሬ ሳላንኳኳ ሰንሰለቱ ወርዶ ጠበቀኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሳህኖቹ እንደቀረቡ ናቸው። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ወደ ኋላ ተስቦ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሯል።

"ግባ፣ አንተ ልጅ" አለችኝ።

አልገባሁም። ተመልሼ መኪናዬ ውስጥ ቆልፌ ተቀምጫለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያ ነው። ሞተሩ ይሠራል፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ፤ ከመስታወቱ ላይ በረዶው ቀልጦ ይወርዳል።

በሩ አሁንም ክፍት ነው።

ትንፋሼ ግን... እንደ ጭስ ይወጣል።