የዳኮታዋ አምስተኛ ረድፍ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ይውጣልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። ጂን መኖሩን አምናለሁ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ሃይማኖቴ ነው፤ የማላምነው ሰዎች "በዓይኔ አየሁ" ሲሉ ነው፣ ያውም ከምሳ በኋላ ጫት ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ከሆኑማ ተዉት። ዲላ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ማሰልጠኛና የጽሕፈት ቤት ነበረኝ፣ ሥራዬ የተማሪዎች አሳይመንት መተየብና ቫይረስ የበላው ፍላሽ ማጽዳት ነበር፣ ኮምፒውተር ማለት ደግሞ ለኔ ያዘዙትን የሚሠራ፣ ያላዘዙትን የማይሠራ ደንቆሮ ዕቃ ነው። አሁንም እንደዚያ ባምን ደስ ይለኝ ነበር።

ሱሴን ልንገራችሁ፣ ያንን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚበረርበት ፕሮግራም አለ፣ ሲሙሌተር ይባላል፣ ጌም ነው የሚሉትን አትስሟቸው። እኔን ግን ከማብረሩ ይልቅ መጠገኑ ነበር የሚስበኝ፤ ለአሮጌው ሲሙሌተር የተሠሩ የድሮ ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖችን አውርጄ፣ አዲሱ ላይ እንዲሠሩ አስተካክላለሁ። በዚያን ጊዜው የዲላ ኢንተርኔት አንዷን ለማውረድ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ያ ሁሉ አልፎ አዲሱ ላይ ስትከፈት ደግሞ ጉዱ ይጀምራል፣ ፕሮፔለሩ ጥቁር ሰሃን ይመስላል፣ መስኮቶቹ ድፍን ይሆናሉ፣ ጎማው መሬት ውስጥ ይሰጥማል፣ በሩ አይከፈትም፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። እኔ ፋይሉን ከፍቼ አንድ ቁጥር እለውጣለሁ፣ እሞክራለሁ፣ እንደገና እለውጣለሁ። ዘመዶቼ የማግቢያ ዕድሜሽን በዚህ ጨረስሽው ይሉኛል፣ ውሸት አይደለም።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነን ነው፣ ዳኮታ የምትባለዋን ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ማስተካከል ጀመርኩ፣ ይቺን ሲሰማ አባቴ ከቤት እየመጣ ከጎኔ መቀመጥ አመጣ። አባባ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ የቡና መጋዘን መዛኝ ነበር። ከከተማው ወደ አባያ በኩል ወረድ ብሎ የሣር ሜዳ ነበር ይላል፣ ዳኮታ እየመጣች ታርፍበት ነበር፤ እሱ ከዱመርሶና ከባንኮ ጎቲቲ በበቅሎ የመጣውን ጀንፈል ቡና ሲመዝን ይሰነብትና፣ አውሮፕላን በምትመጣበት ቀን የመጋዘኑን ትልቅ ሚዛን፣ ባስኩላውን፣ በጋሪ አስጭኖ ሜዳው ድረስ ይወርዳል። ለምን አትሉም፣ ዳኮታ ውስጥ ሰውም እንደ ጆንያ ተመዝኖ ነው የሚገባው። ከነጓዙ ባስኩላው ላይ ይቆማል፣ አባባ ብረቱን እየገፋ ኪሎውን አንብቦ ከስሙ ጎን ይጽፋል፣ አብራሪው ያንን አይቶ ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናል።

እና አባባ ስልሳዎቹን ሊጨርስ የቀረበ ሰው፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ "ጭራዋን ዝቅ አድርጊው እንጂ ሰሚ፣ ዳኮታ ቁጢጥ ብላ ነው የምትቆመው" እያለ ያርመኛል። ሜዳውንም እሱ እየነገረኝ ሠራሁት፣ ዋርካው በስተግራ፣ የእንሰቱ አጥር ከወዲያ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

የማይስቅበት ምክንያት አለው። ዘይነባ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ አዲስ አበባ አጎታቸው ቤት ሆና እንድትማር በዚያች ዳኮታ ተላከች፣ ሜዳው ድረስ ወስዶ የሸኛት እሱ ነው። አጎታቸው እዚያ ቆሞ ጠበቀ፣ ሰው ሁሉ ወረደ፣ ዘይነባ የለችም። ይኸው እስከ ዛሬ የለችም። አባባ "በገዛ እጄ መዝኜ አሳፍሬያታለሁ" ብሎ ማለ፣ በዚህ ቃሉ ቤተሰቡ አዲስ አበባን ሰፈር በሰፈር አሰሰ፣ አያቴም ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር ደጅ እየወጣች ኖራ ሞተች። የአባባ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ሐዋ፣ ከኛ ሁለት ቅያስ አልፎ ክርና ጨርቅ የምትሸጥ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሱ ጋር አትነጋገርም። ለዒድ ምግብ በኛ በልጆቹ እጅ ትልክለታለች፣ ቤታችን ግን አትገባም። አባባ ከዚህ ዓለም አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፣ ሳይሞት ሐዋ "አፉ ብዬሃለሁ" እንድትለው።

እሑድ ነበር፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ሱቁ ዝግ ነው፣ እኔና አባባ ብቻ ነን። ዳኮታዋ የመጀመሪያ በረራዋ ነበር፣ ሞተሯን ሳላስነሳ ሜዳው ላይ አቆምኳትና የጭነት ዝርዝሯን ከፈትኩ። ይሄ ዝርዝር ወንበር በወንበር ስንት ኪሎ እንደተጫነ የሚጻፍበት ነው፣ እኔ ሁሉንም ዜሮ አድርጌው ነበር። አምስተኛው ረድፍ፣ በስተቀኝ፣ አርባ ሰባት ይላል።

መጀመሪያ የሠራት ሰውዬ የረሳው ነው ብዬ አጠፋሁት። ክብደት ሲቀነስ እንደሚሆነው ጭራዋ ትንሽ ቀና አለች፣ ጎበዝ ሰሚራ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ፣ ያስተካከልኩት ጎማ ሠርቷል ማለት ነው።

"ጭራዋ ዝቅ አለች" አለኝ አባባ።

ዘወር ስል እውነትም ዝቅ ብላለች፣ እያየኋትም ትንሽ ወዘወዝ አለችና ጨምራ ዝቅ አለች፣ ልክ አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ ወደ ውስጥ ሲራመድ። ዝርዝሩን ከፈትኩ፣ አርባ ሰባት። አጠፋሁ። ቀና አለች። አሥር እንኳ ሳልቆጥር ወዘወዝ፣ ዝቅ። አርባ ሰባት። ፕሮግራሙን ዘግቼ ዋናውን ፋይል ከፍቼ ለማየት ሄድኩ፣ እዚያ ዜሮ ነው የሚለው፣ ጥርት ያለ ዜሮ፤ መልሼ ሳስነሳት አርባ ሰባት። እመኑኝ፣ አሁንም እየሳቅኩ ነበር፣ ዕቃ ሲያስቸግረኝ ያስቀኛል፣ "አባባ፣ ይቺ አርባ ሰባት ኪሎ አልወርድም አለች" አልኩት።

ዞር ስል ሲቆጥረው የነበረው ሙስበሃ ጣቶቹ መሃል ቆሟል።

"ስንት ነው ያልሽው?"

"አርባ ሰባት።"

"አጥፊው።"

"አጠፋሁት እኮ፣ ተመልሶ…"

"ኮምፒውተሩን አጥፊው ነው የምልሽ!"

በዚህ መሃል ነው ድምፁ የመጣው። ልብ በሉ፣ ለዳኮታዋ ድምፅ አልጫንኩላትም፣ የድምፅ ፋይሏ ባዶ ነው። ቋ አለ፣ ብረት ብረትን ሲመታ፣ ከዚያ ትንሽ ቆየና ቋ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ቋ ቋ ቋ፣ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። ባስኩላ ላይ ዕቃ ሲጫን ያ ከላይ ያለው ብረት ከፍ ዝቅ እያለ ማቆሚያውን ይመታ የለ፣ እኩል እስኪሆን፣ እሱ ነው። የቡና ከተማ ልጅ ያንን ድምፅ አይስተውም። የስፒከሩን ገመድ ነቀልኩት። ቋ አለ እንደገና። ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ ድምፁ ግን ከክፍሉ ውስጥ ነው፣ ከጀርባችን ይሁን ከጎናችን አላውቅም፣ ለመዞር ድፍረቱ አልነበረኝም። ስክሪኑ ላይ ደግሞ የዳኮታዋ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ያ እንዳይከፈት ሆኖ የመጣው፣ እኔ ሁለት ሳምንት ታግዬ ያቃተኝ በር። ውስጡ ጨለማ ነው። ያን ያህል የፈራሁበት ቀን የለም፣ ሶኬቱን ከግድግዳው መዝዤ አወጣሁት። ስክሪኑ ጠፋ። ከጠፋ በኋላ አንድ ጊዜ ቋ አለና በቃ።

የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። አባባ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጂን ያየ መስሎኝ ውሃ ላምጣ ስል እጄን ያዘኝ።

"አልመዘንኳትም" አለኝ።

"ማንን?"

"ዘይነባን። ያኔ ሴት ልጅ ወንድ ፊት የቡና ባስኩላ ላይ መቆም ታፍራለች። እኛም ሴቶቹን በዓይን ገምተን እንጽፍ ነበር፣ ዓይኔ ኪሎ አይስትም እያልኩ እኮራበት ነበር። እሷ ደግሞ የዚያን ቀን አልሄድም ብላ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ሜዳው ላይም እያለቀሰች ሰው ፊት አዋረደችኝና ተናደድኩ፣ 'ሂጂ ግቢ' ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ቀና ብዬም አላየኋት። የመጣልኝን ጻፍኩ፣ አርባ ሰባት። ሲጠይቁኝ መዝኜ አሳፈርኳት አልኩ። ካልኩ በኋላ እንዴት ልመልሰው?"

ወዳጆቼ፣ ከድምፁ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ገባኝ። ያ ቁጥር የዘይነባ ኪሎ አይደለም፣ የአባባ ውሸት ነው፣ እና አምስተኛው ረድፍ ላይ እየወጣ የሚቀመጠው ያ ውሸት ነው። ደግሞም ልጅቷ አውሮፕላኗ ውስጥ ሳትገባ ቀርታ ይሆናል፣ ከሜዳው ተመልሳ እንሰቱ መሃል፣ ወንዙ ዳር፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆና ይሆናል፣ በአባባ ቃል ምክንያት ግን እዚህ ዲላ ማንም ለአንድ ቀን እንኳ አልፈለጋትም። ለአባቴ አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ።

"ነገ አክስቴ ጋ እንሄዳለን" አልኩት።

ሰኞ ጠዋት አክስቴ ሐዋ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። አባባ ጫማውን አውልቆ ደፉ ላይ ተቀመጠ፣ ገብቶ እንኳ አይደለም፣ ደፉ ላይ።

"ሐዋ፣ አልመዘንኳትም" አላት።

አክስቴ ጨርቁን ማጠፍ አልተወችም። "አውቃለሁ" አለች።

አባባ ቀና አለ።

"አርባ ሰባት ያልክ ዕለት ነው ያወቅኩት። አርባ ሰባት የኔ ኪሎ ነው። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ መጋዘን መጥቼ በጨዋታ መዝነኸኝ 'አንቺ ጆንያ እንኳ አትሞይም' ብለህ የሳቅክብኝን ረሳኸው? ዘይነባ ከኔ ትወፍር ነበር።"

"ታዲያ ለምን…" አለ አባባ።

"እናታችን አንዷን አጥታለች፣ አንተንም ባጋልጥህ ሁለት ልታጣ ነው። ዝም አልኩ። አንተው ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ፣ ወደ ሃምሳ ዓመት። ዝም በማለቴ እኔም አለሁበት።" ጨርቁን አስቀመጠች። "አፉ ብዬሃለሁ። አንተም አፉ በለኝ። አሁን ከደፉ ላይ ተነሳ፣ ሰው ያየናል፣ ግባ።"

ሁለቱን እዚያው እያለቀሱ ትቼ ወጣሁ፣ እኔም መንገዱን ሳለቅስ ነው የሄድኩት። ቀሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ሱቄን ከፍቼ ሶኬቱን ሰካሁ። ዜሮ እንደማገኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ዳኮታዋ ሜዳው ላይ ቆማለች። በሩ ተዘግቷል። ጭራዋ ግን ዝቅ ብላለች፣ ከትናንቱም ይበልጥ። ዝርዝሩን ከፈትኩ፣ አምስተኛው ረድፍ፣ በስተቀኝ፣ ሃምሳ ሦስት።

አባባ ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ቤት በልቶ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። ልደብቀው አስቤ ነበር፣ ግን በዚህ ቤት እስከ ዛሬ የተደበቀው አይበቃም ወይ ብዬ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገና ረጅም ጊዜ አየው፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ብቻቸውን አየር ላይ ሄድ መለስ አሉ፣ የባስኩላውን ብረት ሲገፋ እንደነበረው። "ሃምሳ ሦስት ትሆናለች፣ ትክክል ነው፣ ሃምሳ ሦስት" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደኔ ዞረ፣ ዓይኑ ውስጥ የነበረው ፍርሃት እስከ ዛሬ አይለቀኝም።

"ሰሚ፣ ማን መዘናት?"

አባባ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ፣ አክስቴ ሐዋ እስከ መጨረሻው አስታመመችው። ሱቁን ሸጬዋለሁ፣ ያንን ኮምፒውተር ግን ሰው እንዲነካው አልፈቅድም፣ አልጋዬ ስር ነው። አልፎ አልፎ አስነሳውና አያለሁ፣ አልተለወጠም፣ በሩ ዝግ ነው፣ ሃምሳ ሦስት። ዳኮታዋን ላጥፋት ስል ሰው አለባት፣ ላብርራት ስል ደግሞ ልጅቷ የት እንደምትወርድ አላውቅም።