ጠረጴዛው ሳይወጣ አልጋው ገባ

«ግፉት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ካፒቴን ከአልጋው ኋላ ሆኖ።

አልጋው ግን ወይ ፍንክች። ግማሹ መድረኩ ላይ፣ ግማሹ ኮሪደሩ ውስጥ ሆኖ በሩ ላይ ተቀርቅሯል። ከኮሪደሩ በኩል የክፍሉ የኳስ አምበል ካፒቴንና ሦስት ጓደኞቹ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ከመድረኩ በኩል ደግሞ ጠረጴዛ የተሸከሙ ሦስት ሴት ልጆች በዚያችው በር ለመውጣት ይታገላሉ። ወደ መድረኩ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው።

«እናንተ ተመለሱ» አለች ከጠረጴዛ ተሸካሚዎቹ አንዷ።

«ለምን እንመለሳለን? ወረቀታችን ‹መጋረጃው እንደተዘጋ አልጋውን አስገቡ› ነው የሚለው።»

«የእኛም ‹መጋረጃው እንደተዘጋ ጠረጴዛውን አስወጡ› ነው የሚለው።»

የአዳራሹ ጥበቃ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ።

ወረቀቶቹን የጻፈችው ልጅ መጋረጃው አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ጓደኞቿ «ፕሮግራም» ይሏታል። ጥርሷን ለመቦረሽ እንኳ ፕሮግራም ታወጣለች እያሉ ይቀልዱባታል፤ ነገሩም ከእውነት ብዙ የራቀ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ድራማ አስተባባሪ ሲመረጥ ከእሷ በቀር እጁን ያወጣ አልነበረም። ሃያ ሁለት ወረቀት በእጇ ጻፈችና ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ድርሻ ብቻ አደለች። የሌላውን ማወቅ ምን ይፈይድለታል ብላ ነው። ይኸው ፈየደ እንግዲህ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለች አልጋው በመከራ ሲላቀቅ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ቀልድ አይደለም። ድራማው የሚታየው ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ወላጆች ፊት ነው። አዳራሹ ለትርኢቱ የተፈቀደላቸው ደግሞ ለአርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለስብሰባ ይፈለጋል። ዕቃ መቀየሩ ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ሦስተኛው ትዕይንት ይቀራል። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ሐኪሟን ሆና የምትጫወተው ራሷ ፕሮግራም ናት። ሁለት ወር ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳለች። ነርስ የሆነችው እናቷ ልታያት ብላ ፈረቃ ቀይራለች፤ የራሷንም ነጭ ጋውን አጥባና ተኩሳ ሰጥታታለች።

ድራማውን የሚያሠሯቸው የቋንቋ መምህርታቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ።

«‹አስተባበረች› በሚለው ቃል ዐረፍተ ነገር ሥሪልኝ።»

«አሁን ቲቸር?»

«አሁን።»

«እ… አስተባባሪዋ ለሁሉም ሥራ ሰጠች።»

«እሱ ‹አከፋፈለች› ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ‹አስተባበረች›ን ነው» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። እኚህ ሴት ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ የቃሉን ትርጉም ሳይጠይቁ ውኃ አያቀብሉም።

ፕሮግራም ተናደደች። እውነቱን ለመናገር፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ምራቋን ዋጠችና «ሁላችሁም ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ» አለች። ወረቀቶቹን መድረኩ ላይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። ሃያ ሁለት ሰው ዙሪያውን ተንበረከከ።

«እንዴ፣ የእኛና የእነሱ እኮ እኩል ሰዓት ነው» አለ ካፒቴን።

«ጠዋት ብታሳዪን ኖሮ ጣቴ አይጨፈለቅም ነበር» አለች ያቺ ጠረጴዛ ተሸካሚ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ፕሮግራም። ይህን ስትናገር ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ። «እሺ፣ እናንተ ብትሆኑ ከምን ትጀምራላችሁ?»

ለካ ሁሉም የሚለው ነበረው። ቃል ለሚጠፋበት ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ የምታንሾካሹከው ሚጢጢ፣ የክፍሉ ትንሿ ልጅ፣ ወንበሮቹ ቀድመው ካልወጡ ጠረጴዛው መንገድ እንደማያገኝ ነገረቻቸው። ካፒቴን ደግሞ አልጋውን ኮሪደሩ ላይ አዘጋጅተው ቢጠብቁ እንደሚሻል ተናገረ። ጥበቃው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የዚህ አልጋ እግር እኮ ይታጠፋል» አሉ።

«ጋሼ፣ እስካሁን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ፕሮግራም በሩ ላይ ቆመች፤ ማን መድረኩን እንደለቀቀ፣ ማን ኮሪደሩ ላይ እንደደረሰ እያየች ተራ በተራ ትጠራቸዋለች። በመጀመሪያው ሙከራ ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ቀጥሎ አራት። በአምስተኛው ላይ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ሲሆን ካፒቴን ጎል እንዳገባ ሰው ኮሪደሩን በሩጫ ዞረው። የፕሮግራም ልብ በደስታ ይመታ ነበር። ሃያ ሁለት ሰው እንዲህ እንደ አንድ ሰው ሲንቀሳቀስ አይታ አታውቅም።

«ግን አንቺ እዚህ በሩ ላይ ከሆንሽ» አለች ሚጢጢ ቀስ ብላ፣ «አልጋው ራስጌ ማን ሊቆም ነው?»

መጋረጃው ሲከፈት ሐኪሟ ከመድረኩ ማዶ፣ በሽተኛው አጠገብ ቆማ መገኘት አለባት። የመጨረሻው ልጅ መውጣቱን አይቶ መጋረጃውን የሚያስከፍተው ደግሞ በሩ ላይ ያለው ሰው ነው።

በሩን ለካፒቴን ሰጥተው ሞከሩት። ካፒቴን ደጋፊ እንጂ ጠሪ አልሆነም፤ «ሂዱ ሂዱ» እያለ ሁሉንም አንድ ላይ ለቀቃቸው። አምስት ደቂቃ። ሌላ ልጅ ሞከረች፤ አራት ተኩል። ለሌላ ሙከራ ጊዜ አልነበረም፣ ወላጆች መግባት ጀምረዋል።

«አንቺ ወስኚ» አሏት መምህርቷ። «ሦስተኛውን ትዕይንት እንተወው ብትዪም ማንም አይቆጣሽም።»

ፕሮግራም በመጋረጃው ስንጥቅ አጮለቀች። እናቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስልኳን አዘጋጅታ ተቀምጣለች። ያቺን ሐኪም ትወዳታለች፤ ንግግሯን በእንቅልፏ እንኳ ትለዋለች። ዞር ስትል ደግሞ ኮሪደሩ ላይ አራቱ ልጆች እግሩን ያጠፉትን አልጋ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ጣቷ የተጨፈለቀው ልጅ ጣቷን በመሐረብ አስራ ከጠረጴዛው ጎን ቆማለች።

«ሚጢጢ፣ የሐኪሟን ንግግር ታውቂዋለሽ?»

«የሁሉንም አውቃለሁ። ግን ያንቺ ነው እኮ።»

«እጅሽን አምጪ።»

ጋውኑ ሚጢጢን ዋጣት። ፕሮግራም እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፈችላት፣ ኮሌታውን አስተካከለችላት። ቃል የማቀበሉን ሥራም ለሌላ ልጅ ሰጠች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ወርዳ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እማ፣ ዛሬ መድረክ ላይ አታዪኝም።»

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«አላመመኝም። በሩ ላይ ሰው ያስፈልጋል።»

እናቷ ለአፍታ ትክ ብላ አየቻት። ቅር ብሏታል፤ ፊቷ ያስታውቃል። ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች።

«በሩ በየት በኩል ነው?» አለችና ልጇ በጠቆመቻት በኩል፣ ለበሩ የሚቀርበው የጥግ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ትዕይንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለቀ። መጋረጃው ተዘጋ። ሚጢጢ ከማዶ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ጋውኑን ጨብጣ ቆማለች። የፕሮግራም ከንፈር ሳታስበው የሐኪሟን የመጀመሪያ ቃል ጀመረ። ከንፈሯን ነከሰች። ልጆቹ ሁሉ እሷን ያያሉ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ወንበር» አለች በሹክሹክታ።

ወንበሮቹ ተነሡ።