ሳህኑ ቢጫ ነበር

ተመራማሪዋ ላብራቶሪው ወለል ላይ ሞታ የተገኘችው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሰው ገፍትሯት ማጅራቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላትሟል፤ ሐኪሙም ወዲያው እንደሞተች ተናገረ። ያገኟት የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ናቸው። ቀና ሊያደርጓት ሲሞክሩ ቀሚሳቸውን ደም ነካው፤ ለፖሊሶቹ ይኸው በቃቸውና ካቴና አወጡ።

«ቀስ በሉ» አለች መርማሪዋ። ቸኩሎ ማሰርን ከውሸት እኩል ትጠላለች።

ሟቿ ከምክትሏ ጋር የምትሠራው ምርመራ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት የተነሣው አዲስ ቫይረስ ይዞት እንደነበር፣ ሰውነቱ በሽታን ለመዋጋት ደሙ ውስጥ ከሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል የሚለይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት ሳህን ተቀምጧል፤ ግማሾቹ ቢጫ ሆነዋል። አጠገቡ በሟቿ እጅ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፦ «ቫይረሱ ከመታየቱ በፊት የተቀመጡ ደሞች። ማቅለሚያ የገባው 4፡10።»

«እማማ፣ ሳህኑን ነክተዋል?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ከወለሉ አላልፍም። አንዴ ጠረጴዛውን ልወልውል ብዬ ምክትሏ ያወረዱብኝን ውርጅብኝ መቼም አልረሳው።»

የሟቿ ባል ዓይኑ ቀልቷል። «ከቢሮዬ ደውዬ እያወራን ነበር። አራት ከሩብ ላይ ‹ቆይ፣ ሰው መጣ› አለችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጓ አለ፤ ከዚያ ዝም። ወዲያው ተነስቼ መጣሁ።» የቢሮው ስልክ መዝገብም ይህንኑ አረጋገጠ።

ምክትሏ ሳይጠየቅ ተናገረ። «እኔ እማማ እስኪጮሁ ድረስ ዕቃ ክፍል ነበርኩ። ሳህኑንም ገና አሁን ማየቴ ነው።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ማቅለሚያው ሲገባ ቀለሙ ምን ይሆናል?»

«ፀረ እንግዳ አካል ባለበት ሰማያዊ» አለ ምክትሉ።

«ቢጫስ?»

«አሲድ ሲጨመርበት ነው። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ደወል ይጮሃል፤ ያኔ ካልተጨመረ እየጠቆረ ሄዶ ይበላሻል።»

«እሷ በአምስተኛው ደቂቃ ሞታለች። ታዲያ አሲዱን ማን ጨመረው? ባሏ መንገድ ላይ ነበሩ። እማማ የትኛው ጠርሙስ አሲድ እንደሆነ እንኳ አያውቁም። እርስዎ ግን ገፍትረዋት፣ ደንግጠው አጠገቧ እንደቆሙ ደወሉ ጮኸ፤ እጅዎም ታዘዘ። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።»

ምክትሉ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«የሦስት ዓመት ልፋቴን መና ልታስቀር ነበር። ምርመራው ተራ ጉንፋንን ከቫይረሱ አይለይም አለችኝ። ገፋ አደረግኳት እንጂ ልገድላት አልነበረም።»

«እውነቷን ነው። እነዚህ ደሞች ቫይረሱን አያውቁትም፤ ግማሾቹ ግን ቢጫ ሆነዋል። ማስረጃዋን ከመበላሸት ያዳኑት እርስዎ ነዎት።»

«ምነው በተውኩት» አለ፣ ለራሱ።

«ቢተዉት ኖሮ እማማ ይታሰሩ ነበር።»

ምክትሉ ወደ እማማ ዞረ። እሳቸው አላዩትም፤ የሟቿን ባል አቅፈው ለእሷ እያለቀሱ ነበር።